ከናቹራል መውረድ ይቻላል፣ ከሶሻል መውጣት አይቻልም

ሱቄ ደሴ ውስጥ፣ ከአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በር የሁለት ደቂቃ መንገድ ላይ ናት። ሁለት ፎቶ ኮፒ ማሽን፣ አንድ ፕሪንተር፣ አንድ አሮጌ ኮምፒውተር፣ ለጥረዛ የምትሆን ጠረጴዛ። በቃ ይኸው ነው። ግን ፎቶ ኮፒ ቤት የሚውል ሰው የማያውቀው ጉድ የለም። ማን መሬት እንደሸጠ አውቃለሁ። ማን ፍርድ ቤት እንደሚመላለስ አውቃለሁ። ማን ዓረብ አገር ለመሄድ እንደተነሳ ከእናቱ ቀድሜ አውቃለሁ፤ ፓስፖርቱን ኮፒ የሚያስደርገው እኔ ጋ ነዋ። ክረምቱ ሲጋመስ ደግሞ ማን ናቹራል፣ ማን ሶሻል እንደሚገባ አውቃለሁ።

የናቹራል ልጅ ከእናቱ ጋር ይመጣል። ስልኩ ላይ ከቴሌግራም የወረደ የአስራ አንደኛ ክፍል ፊዚክስ ፒዲኤፍ አለ። «ሙሉውን አውጣልን፣ አሳምረህ ጠርዘው» ትላለች እናት። ልጁ ዝም። የገጹን ብዛት በብር አባዝቼ ስነግራት እንኳ ብዙም አትከራከርም። የሶሻል ልጅ ብቻውን ይመጣል። «የመጀመሪያውን ምዕራፍ ብቻ» ይላል። ቀሪውን ከጓደኛው ያያል፣ ወይም አያይም።

ወረቀት ላይ ስማቸው የተፈጥሮ ሳይንስና የማኅበራዊ ሳይንስ ነው። እንደዚያ ብሎ የሚጠራቸው ሰው ግን እስካሁን አልገጠመኝም። አስረኛን ያለፈ ልጅ ወይ ናቹራል ነው፣ ወይ ሶሻል። እንግሊዝ አገር በዚያ ዕድሜ ያለ ተማሪ አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ትምህርት መርጦ ሁለት ዓመት በእነሱ ላይ ይከርማል። ጂኦግራፊን ከፊዚክስ፣ ታሪክን ከሂሳብ ማዋሃድ ይችላል። እኛ ዘንድ እንደዚያ የለም። እኛ ዘንድ አስተናጋጁ አንድ ጥያቄ ብቻ ነው የሚጠይቀው፤ የጾም ነው የፍስክ? ትሪው ላይ ያለውን እንዳለ ትቀበላለህ። ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪ፣ ባዮሎጂ። ወይም ታሪክ፣ ጂኦግራፊ፣ ኢኮኖሚክስ። ሂሳብና እንግሊዝኛ ለሁሉም።

ይህን የምጽፈው ዘንድሮ ነገሩ እቤቴ ስለገባ ነው። የእህቴ ልጅ አስረኛን ጨረሰች።

እሷ ጋ ከመድረሴ በፊት የራሴን ልናገር።

እኔ አስረኛ ክፍልን የተፈተንኩት በ2000 ነው። ያኔ የአስረኛ ብሔራዊ ፈተና ነበረ፤ ውጤቱም በፊደል ነበር የሚመጣው። ከሁሉ የምወደው ጂኦግራፊ ነበር። ምክንያቱ ደግሞ አንድ መምህር ናቸው። አንድ ቀን ጠመኔ አነሱና ሰሌዳው ላይ ሁለት ጉብታ ሳሉ። «ይሄ ጦሳ፣ ያ አዝዋ ገደል» አሉ። መሃል ላይ ያለውን ዝቅታ በጠመኔው ጎን ጠቆር አድርገው ቀቡት። «እዚህ ውስጥ ያለነው እኛ ነን። ይሄ መሬት ድሮ ከጎኖቹ ጋር እኩል ነበር። ተሰንጥቆ ቁልቁል ወርዶ ነው። ደሴ የተቀመጠችው በወረደ መሬት ላይ ነው።» ከዚያ ቦርከናን አመጡ። በከተማዋ አቋርጦ፣ ዶሮ መዝለያን ተወርውሮ፣ ኮምቦልቻን አልፎ ወደ አዋሽ ሲወርድ በመስመር አሳዩን። ክረምት በመጣ ቁጥር እዚህም እዚያም አጥር የሚያዘነብለው፣ ግድግዳ የሚሰነጠቀው ለምን እንደሆነ የገባኝ ያን ቀን ነው። የአያቴ ቤት ግድግዳ ላይ እጄን የማሾልክበት ስንጥቅ ነበረ። ስንጥቁ ስም አገኘ።

ጂኦግራፊ ኤ አመጣሁ። ፊዚክስ ቢ። ናቹራል ገባሁ።

እንዴት እንደገባሁ ልነግራችሁ ብሞክር የምነግራችሁ ነገር የለኝም። ውይይት አልነበረም። ክርክር አልነበረም። አባቴ ካርዴን አየና «ጎበዝ ልጅ ናቹራል ነው የሚገባው» አለ። እኔም ጎበዝ መሆኔን ስለነገረኝ ደስ አለኝ። ሌላው ነገር ትዝ አላለኝም። በዓመቱ ደግሞ መንግሥት ከአባቴ ጋር ተስማማ። በ2001 ዩኒቨርሲቲ ከሚገባው ተማሪ 70 በመቶው ሳይንስና ቴክኖሎጂ፣ 30 በመቶው ብቻ ሶሻል እንዲሆን ተወሰነ። አባቴ ዜናውን ሲሰማ ያየኝን አስተያየት አልረሳውም። አላልኩህም? ዓይነት ነው።

የዚያ ጊዜ የአስራ አንደኛ ሂሳብ መጽሐፍ ትዝ ይለኛል። አንድ መጽሐፍ ነው ለሁለታችንም። መጀመሪያ ያሉትን ምዕራፎች ናቹራልም ሶሻልም እኩል ይማራል። መጨረሻ ላይ ሲደርስ መንገዱ ይከፈላል። ቬክተርና ትሪጎኖሜትሪ ለናቹራል። ሊኒየር ፕሮግራሚንግና የንግድ ሂሳብ ለሶሻል። እነዚያን የሶሻል ገጾች እኛ አንገልጣቸውም ነበር። ያሳፍር ይመስል። አንድ ጓደኛችን ሲያነባቸው ተገኝቶ «ልትወርድ ነው እንዴ?» ብለን ስቀንበታል። በኋላ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ በሦስተኛው ይሁን በአራተኛው ዓመት አስተማሪው ሊኒየር ፕሮግራሚንግ ብሎ ጻፈ። ይሄን የት ነው የማውቀው? አልኩ። የዘለልኩት ምዕራፍ ነበር።

በ2002 ተፈተንኩ። ሰባት ትምህርት፣ ከ700። ሲቪል ምህንድስና ደረሰኝ። አምስት ዓመት። የአንደኛና የሁለተኛውን ዓመት አልተርክም፤ ካፈርኩ አይመልሰኝ ብዬ ነው የቆየሁት። ከዚያ የአፈር ሜካኒክስ የሚባል ኮርስ መጣ። ተዳፋት መሬት ዝናብ ሲጠጣ ምን እንደሚሆን፣ ውሃ በአፈር ቅንጣቶች መሃል ገብቶ እንዴት እንደሚገፋቸው፣ ኮረብታ መቼ «በቃኝ» ብሎ እንደሚንሸራተት። ለመጀመሪያ ጊዜ ትምህርቱ ውስጥ አገሬ ያለሁ ያህል ተሰማኝ። ይሄ እኮ የመምህሬ ጠመኔ ነው!

አሁን ሳስበው ያስቀኛል። መሬት የምትወድ ልጅ ጂኦግራፊ ልማር ካልክ በሶሻል በር ነው የምትገባው። ጂኦሎጂ ልማር ካልክ በናቹራል በር። ያችው መሬት ናት። ከላይ ስትታይ ሶሻል፣ ስትቆፈር ናቹራል። ይህን ግን በአስራ ስድስት ዓመቴ የነገረኝ ሰው አልነበረም። ጂኦሎጂ የሚባል ነገር መኖሩን የሰማሁት ምህንድስና ከተመደብኩ በኋላ፣ ከዶርም ጓደኛዬ ነው። ስለዚህ እኔ ላይ የደረሰው «ያልፈለገው ትምህርት ውስጥ ገባ» የሚባለው ነገር አይደለም። የምፈልገው ነገር እዚያው በገባሁበት በር ውስጥ፣ ሁለት ክፍል አልፎ ነበር። ማንም መጽሐፍ ገልጦ ስላላሳየኝ፣ እኔም ገልጬ ስላላየሁ፣ አለፈኝ። የመረጥኩት ስም ነው። ናቹራል የሚለውን ስም።

በ2007 ተመረቅሁ። ኮንትራክተር ጋ ሠራሁ፣ ሥራው ቆመ፣ ሌላ ጋ ሠራሁ፣ እሱም ቆመ። ደሴ ተመለስኩና ሱቋን ከፈትኩ። በ2014 ጥቅምት ዘግቼ ወጣሁ። ስመለስ ማሽኑ አልነበረም። እንደገና ጀመርኩ። ይኸው ነው። አንዳንዴ ወላጆች «ልጄ ናቹራል ገብቶ ኢንጂነር እንዲሆን ነው የምፈልገው፤ አንተስ ምን ተማርክ?» ይሉኛል። «ሲቪል ምህንድስና» እላለሁ። ማሽኑን ያያሉ። እኔን ያያሉ። ከዚያ «ስንት ሆነ?» ብለው ይከፍሉና ይሄዳሉ።

ወደ እህቴ ልጅ ልመለስ።

ልጅቷ በክረምት ሱቅ ታግዘኛለች። ከክፍሏ ከአንድ እስከ አምስት ባለው ደረጃ ውስጥ የምትመላለስ ናት። ሁሉንም ትችላለች። ችግሩም እዚያ ላይ ነው። ፊዚክስ የሚከብዳት ቢሆን ኖሮ «ምን ታድርግ፣ ሶሻል ትግባ» ተብሎ ያልቅ ነበር። ለሁሉም ጎበዝ የሆነ ልጅ ግን የመምረጥ መብት የለውም። ማርኩ መርጦለታል።

እህቴ ነገሩን የዘጋችው ሰኔ ላይ ነው። «ናቹራል ትገባለች። ካልሆነላት ትወርዳለች። ከናቹራል መውረድ ይቻላል፣ ከሶሻል መውጣት አይቻልም።»

ይቺን ዓረፍተ ነገር ደሴ ውስጥ ያልሰማ ወላጅ የለም። ባዶ ናት ማለት አልችልም። እውነትም ከፊዚክስና ከኬሚስትሪ ሁለት ዓመት የራቀ ልጅ ዞሮ ሐኪም ልሁን ቢል ከባድ ነው። በር ክፍት አድርጎ ማቆየት ብልህነት ነው። እኔም ለአሥር ዓመት ያህል ይህን ክርክር ለሌሎች ሳስተላልፍ ኖሬያለሁ። የሚያስከፍለውን ዋጋ ግን ማንም አይናገርም። በሩን ክፍት ለማድረግ ሁለት ዓመት ሙሉ በሩ ላይ መቆም አለብህ። ሁለት ዓመት የማትፈልገውን እያነበብክ፣ ከሚፈልጉት ጋር ተወዳድረህ፣ መጨረሻ ላይ በእሱው ትፈተናለህ። የወረድክ ቀን ደግሞ ታሪኩንም ኢኮኖሚክሱንም ሌሎቹ ሲያነቡት በከረሙበት ጊዜ አንተ አላነበብክም።

ከዚያ ደግሞ ግሶቹ። መውረድና መውጣት። እኔ ይሄን ስሰማ ሐረጎ ነው የሚመጣብኝ። ከደሴ ኮምቦልቻ ወደ 25 ኪሎ ሜትር ነው። ሐረጎን ቁልቁል ስትጥመለመል ከ600 ሜትር በላይ ትወርዳለህ። ጃኬትህን እያወለቅክ ነው የምትገባው። ደሴዎች «ኮምቦልቻ ወርጄ ልምጣ» እንላለን። ኮምቦልቻዎች ግን ራሳቸውን የወረዱ አድርገው አያዩም። ፋብሪካው እዚያ ነው፣ ኢንዱስትሪ ፓርኩ እዚያ ነው፣ ደረቅ ወደቡ እዚያ ነው፣ የዩኒቨርሲቲው ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩትም እዚያ ነው። የሐረጎን መንገድ ከፍታና ዝቅታ የሠራው ተፈጥሮ ነው። ናቹራልን ላይ፣ ሶሻልን ታች ያደረገው ማን ነው? ማንም መልስ የለውም። ሁላችንም ግን ስንናገር እጃችንን ወደ ላይና ወደ ታች እናንቀሳቅሳለን። ልብ በሉና እዩ።

አንድ ቀን ይህንኑ ሳወራ ልጁን ሊያስመዘግብ ሰነድ ኮፒ የሚያስደርግ አባት ስልኩን አወጣ። «አንተ ወሬ ታወራለህ፣ እኔ ቁጥር ልንገርህ» አለ። የ2014 ተፈታኞችን ውጤት ነው። ፈተናው ዩኒቨርሲቲ ውስጥ መሰጠት የጀመረበት ጊዜ። በአጠቃላይ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጣው 3.3 በመቶ ብቻ ነበር። ሰውዬው ግን ከፋፍሎ ነው ያነበበልኝ። ከናቹራል 6.8 በመቶ አለፈ። ከሶሻል 1.3 በመቶ። «እሺ፣ ምን ትላለህ?» አለኝ።

መጀመሪያ የምለው ጠፋኝ። ቁጥሩ እውነት ነው። ሶሻል ቀላል ነው ለሚለው ወሬ ጥሩ መልስ ነው፤ ቀላል ቢሆን ኖሮ ያለፈው ከመቶ አንድ ሰው ብቻ አይሆንም ነበር። ከዚያ ግን ሌላ ቁጥር ፈለግኩ። ያን ዓመት ከተፈተነው ከ896 ሺህ በላይ ተማሪ ሶሻል የነበረው ወደ 557 ሺህ ነው። ናቹራል 340 ሺህ ገደማ። አስቡት። በየትምህርት ቤቱ ከላይ ያለውን ልጅ ሁሉ እየለቀምን ናቹራል እናስገባለን። የቀረውን ሶሻል እንለዋለን። የናቹራሉን ልጅ አስጠኚ እንቀጥርለታለን። ለታሪክ አስጠኚ የተቀጠረለት ልጅ አይታችሁ ታውቃላችሁ? መጽሐፉን እንኳ ሙሉውን አናሳትምለትም። እኔ ምስክር ነኝ፤ ማሽኑ ምስክር ነው። ከዚያ ውጤት ሲመጣ «አያችሁ? ሶሻል ይወድቃሉ» እንላለን። እኛው ጣልናቸው እንጂ ጂኦግራፊ አልጣላቸውም።

አባትየው ሰማኝ፣ ራሱን ነቀነቀ። «እሱስ እውነት ነው» አለ። ልጁን ናቹራል አስመዘገበው። እኔም ብሆን አልፈርድበትም። የልጁ ጎረቤት ወንበር ላይ ማን እንደሚቀመጥ ነው የመረጠው። ጎበዞቹ ባሉበት ይሁን ነው ነገሩ። ይሄ ደግሞ ከሚባለው ሁሉ ሐቀኛው ምክንያት ይመስለኛል። ሌላው ሁሉ ማሳመሪያ ነው።

እህቴን ለመንኳት። «እትዬ፣ ሁለት ሳምንት ስጪኝ። መጽሐፎቹን ታንብብ። የአስራ አንደኛውን ፊዚክስና ኢኮኖሚክስ፣ ባዮሎጂና ጂኦግራፊ አወጣላታለሁ። አንብባ ትንገረን።» እህቴ ሳቀች። «ምን ትነግረናለች? እናውቀው የለ እንዴ!» ግን እሺ አለች። በነጻ መጽሐፍ ሲገኝ እምቢ የምትል ሰው አይደለችም።

አራት መጽሐፍ ጠርዤ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ። ነሐሴ ነበር። ደሴ በነሐሴ ምን እንደምትመስል የምታውቁ ታውቃላችሁ። ጉሙ ከጦሳ ወርዶ ሱቅ ውስጥ የሚገባ ነው የሚመስለው። ጠዋት ጠዋት ደንበኛ የለም። ልጅቷ ጋቢዬን ለብሳ ታነባለች።

ፊዚክሱን ወደደችው። ይህን መናገር አለብኝ፤ ታሪኩ ቀላል እንዳይመስል። ቬክተሩን በሁለት ቀን ጨረሰች። እኔ ያረጀ እውቀቴን አራግፌ ላስረዳት ስሞክር አንድ ቦታ አረመችኝ። ባዮሎጂውንም በደንብ ነው ያነበበችው። ጂኦግራፊው ላይ ስትደርስ እኔ ነኝ የተነቃነቅሁት። ስለ አህጉሮች አፈጣጠር ይናገራል። ጠመኔ የለኝም፣ ስክሪብቶ አነሳሁና ጦሳንና አዝዋን ሳልኩላት። በትህትና አየችልኝ። «ደስ ይላል ጋሼ» አለች። ደስ እንዳላላት ገባኝ። የኔ ፍቅር የኔ ነው።

ኢኮኖሚክሱ ላይ ግን ሌላ ነገር ሆነ። የዋጋ ኢላስቲሲቲ የሚለው ጋ ደረሰች። ዋጋ ሲጨምር ፈላጊው ምን ያህል ይሸሻል? አንዳንዱ ዕቃ ዋጋው ትንሽ ሲጨምር ገዢው ይበተናል። አንዳንዱ ግን፣ እንደ ጨውና እንደ መድኃኒት ያለው፣ ቢጨምርም ይገዛል። አነበበች። ዝም አለች። ከዚያ ቀና ብላ «የኛስ?» አለችኝ።

«የኛ ምን?»

«ኮፒ።»

ያን ሰሞን የኮፒ ዋጋ ልጨምር አልጨምር እያልኩ እንቅልፍ አጥቼ ነበር። ሐምሌ 2016 ላይ ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ከተደረገ ወዲህ ወረቀቱም ቶነሩም ሌላ ሆኗል። አንድ ደስጣ ወረቀት በገዛሁ ቁጥር ዋጋውን እንደ አዲስ ነው የምሰማው። በገጽ 3 ብር ነበር የማስከፍለው። 4 ላድርገው? ማዶ ያለው ሱቅ አሁንም 3 ነው።

ልጅቷ ደብተር አወጣች። ለአንድ ሳምንት የገባውን ሰው ሁሉ መዘገበች። ተማሪ፣ ስንት ገጽ። ጉዳይ ያለበት ሰው፣ ስንት ገጽ። ስንት ሰዓት ላይ መጣ። ዋጋ ጠይቆ የወጣ፣ ዋጋ ሳይጠይቅ የሰጠ። ሳምንቱ ሲያልቅ አስቀመጠችኝና አስተማረችኝ። ተማሪው ዋጋ ይጠይቃል፤ ብዙ ገጽ ነው የሚያስወጣው፤ ጊዜ አለው፤ አንድ ብር ከጨመርክበት ማዶ ይሻገራል። መታወቂያውን ይዞ ከሰዓት በኋላ አሥር ሰዓት ላይ እያለከለከ የሚገባው ሰው ግን ዋጋ አይጠይቅም። መሥሪያ ቤቱ ሊዘጋበት ነው። ሁለት ገጽ ነው የሚፈልገው። 4 ብትለውም 5 ብትለውም ይከፍላል። «ስለዚህ ለሁሉም መጨመር የለብህም» አለች። «ለጥቂት ገጽ 5 አድርገው። ከሃምሳ ገጽ በላይ ለሚያወጣ 3 ይሁን፣ እንደዚያው። ተማሪው አይሄድብህም።»

እኔ አምስት ዓመት ምህንድስና፣ ከዚያም ላይ የሱቅ ልምድ አለኝ። ይህን አስቤው አላውቅም ነበር።

ሁለቱ ሳምንት አለቀና ጠየቅኳት። «ሶሻል» አለች። እንደዚህ ነው፣ አንድ ቃል። «ኢኮኖሚክስ ነው የምፈልገው።»

አሁን የሚያሳፍረኝን ልናገር። አፌ «ጎሽ» አለ። ልቤ ግን ዝቅ አለ። ይቺን የመሰለች ልጅ! ቬክተር በሁለት ቀን የጨረሰች! ወዲያው መከራከር ጀመርኩ። እኔ፣ ስለ ሐረጎና ስለ ግሶች የማወራው ሰውዬ።

«ኢኮኖሚክስ ዩኒቨርሲቲ ሲደርስ ሂሳቡ ከባድ ነው፣ ታውቂያለሽ?»

«ሂሳብ አልፈራም።»

«ባዮሎጂም ወደሽው ነበርኮ።»

«ወድጄዋለሁ። ግን ሳነበው ሱቁን አላየሁበትም።»

«ሐሳብሽን ብትቀይሪስ? መውጣት አይቻልም።»

«ጋሼ» አለች፣ «አንተ ወጥተህ ነበር እንዴ?»

መልስ የለኝም ነበር። አሁንም የለኝም። ቤት ሄጄ ሳስበው የገባኝ አንድ ነገር ግን አለ። እኔ መጽሐፎቹን ስጠርዝላት ምርጫውን ለእሷ የተውኩ መስሎኝ ነበር። አልተውኩትም። አንብባ አንብባ በራሷ መንገድ ናቹራል እንድትል ነበር የጠበቅሁት። ከእህቴ የምለየው እኔ በትህትና መጠበቄ ብቻ ነው።

እሁድ እናቴ ቤት ቡና ላይ ተነሳ። እህቴ ፊቷ ጠቁሯል። እናቴ ሁለቱንም ቃል አታውቃቸውም፤ ናቹራል ምንድን ነው፣ ሶሻል ምንድን ነው ስትል አስረዳናት። ጀበናውን እያዘነበለች ሰማች።

«ሐኪም የሚያደርገው የትኛው ነው?»

«ናቹራል።»

«ዳኛ የሚያደርገውስ?»

«ሶሻል።»

«እና ምን ያጣላችኋል? ታሞም ተከሶም የማያውቅ ሰው ወሎ ውስጥ አለ?» አለችና ወደ ልጅቷ ዞረች። «አብሽሪ። ቡናው በረካ ይድረስና እንመርቅሻለን።»

መረቀቻት። እህቴ አሜን አላለችም፤ ወይም በጣም ቀስ ብላ ነው ያለችው።

መስከረም ገባ። የ2017 ተፈታኞች ውጤት ወጣ፤ 8.4 በመቶ አለፈ ተባለ። ካለፈው ዓመት 5.4 ይሻላል፣ ከዚያ በፊት ከነበረው 3.2ም ይሻላል። ሱቅ የገባ ሁሉ ስለዚሁ ነበር የሚያወራው። የማን ልጅ ስንት አመጣ፣ የማን ልጅ ሬሜዲያል ደረሰው። እህቴም ሰምታለች። ምንም አላለችኝም። ከወትሮው ያነሰ ነበር የምትደውልልኝ።

ከትምህርት ቤት የመጣው ወረቀት አንድ ገጽ ነው። ስም፣ የአስረኛ ክፍል አማካይ ውጤት፣ የሚፈልገው የትምህርት ዘርፍ፣ የወላጅ ፊርማ። ማክሰኞ ረፋድ ላይ እህቴ ራሷ ይዛው መጣች። ልጅቷ ጥግ ላይ ጥረዛ ትጠርዝ ነበር፤ ቀና አላለችም። እህቴ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ገልብጣ ነው ያስቀመጠችው፣ ጽሑፉ ወደ ታች። «ሁለት ኮፒ» አለች።

ማሽኑ ላይ ሳስቀምጠው አየሁት። ማኅበራዊ ሳይንስ ይላል፣ በልጅቷ እጅ ጽሑፍ። ከሥሩ የእህቴ ፊርማ አለ። ስክሪብቶው ወረቀቱን ሊቀደው ምንም አልቀረውም።

ኮፒ አደረግሁና ሰጠኋት። እህቴ ይህች ሱቅ ከተከፈተች ጀምሮ ኮፒ አድርጌላታለሁ፣ የቤት ካርታ፣ የእድር ወረቀት፣ የሕክምና ካርድ፣ ስንቱን። አንድ ቀን ሳንቲም ከፍላኝ አታውቅም። ቦርሳዋን ከፈተች። ግድግዳው ላይ በልጅቷ እጅ የተጻፈውን አዲሱን የዋጋ ዝርዝር ከላይ እስከ ታች አነበበች። ሁለት አምስት ብር ጠረጴዛው ላይ ቆጥራ አስቀመጠችና ወጣች።